ማተቤን በጉንጬ ደብቄ ኦፕሬሽን የገባሁ ዕለት

ማተቡን የበጠሰ ሰው ታውቁ ይሆናል። ማተቡን ሊውጥ የነበረ ሰው ግን አታውቁም።

ተዋወቁ። እኔ ነኝ።

ይህን ነገር ሃምሳ ዓመት ከምናምን ደብቄው ኖሬአለሁ። ዛሬ ባለቤቴ ጠጄ ሞጣ ሐኪም ቤት፣ በሰው ሁሉ ፊት ዘረገፈችው።

ለሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ወስጃት ነበር። ማደንዘዣ የምትሰጠው ልጅ ፎርም ይዛ መጣችና "እማማ፣ አፍዎ ውስጥ የያዙት ነገር አለ?" ብላ ጠየቀቻት።

"እኔ የለኝም ልጄ። እሱን ፈትሺው" አለች ጠጄ፣ በአገጯ ወደኔ እያመለከተች።

ከዚያማ ማን ያቁማት። አልጋዋ ላይ ተንጋላ ታሪኬን ከሥር ከመሠረቱ አወጋችላቸው። አንዷ አስታማሚ በስልኳ ስትቀርጽ በዓይኔ አየሁ። ስለዚህ ሌላ ሰው ፖስት ሳያደርገኝ እኔው ራሴን ፖስት ላድርግ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። ቤቴ ብቸና፣ ሥራዬ ከብቸና ሞጣ በበቅሎ ጭነት ማመላለስ። ትምህርቴ ዳዊት ነው። እሱንም ግማሹን።

አንገቴ ላይ እንቅርት ነበረችኝ። በኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለችም፤ የኔዋ ግን ራሷን ችላ ቤት ልትሠራ ምንም አልቀራትም። ዳገት ስወጣ ታፍነኛለች። በቅሎዎቹ ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር።

በቅሎ ያዘነችለት ሰው ከዚያ በታች የት ይወርዳል?

ስተኛ ደግሞ ትንፋሼ እንደ ወናፍ ይጮሃል። ጠጄ "ወይ ተቆረጥ፣ ወይ በረት ሄደህ ተኛ" አለችኝ። ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ናት። የሙሽራ ለስላሳ ቋንቋ መሆኑ ነው።

ሞጣ ዳር አንድ ፈረንጅ ሐኪም የከፈታት ትንሽ ሆስፒታል ነበረች፤ ዛሬ የለችም። ሐኪሙ አንገቴን ዳበሰና "ይቆረጣል" አለ። እሱ ይቆርጣል። የሚያስተኙኝ ደግሞ አቶ ሰይድ የሚባሉ የሞጣ ሰው ናቸው። አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ፣ እሳቸው ቁስል አጣቢ ድሬሰር ሆነው ማደንዘዣ የተማሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው።

አቶ ሰይድ ነገሩን እንደ ሰው አስረዱኝ። እንቅርቷ የአየር ቧንቧዬን ተጭና አጥብባዋለች። በማደንዘዣው ስተኛ ምላሴም ጉሮሮዬም ይዝላል፤ የቀረችውም መንገድ ልትዘጋ ትችላለች። ስለዚህ በአፌ በኩል ቱቦ ወደ ቧንቧው ይገባል።

"እስክትነቃ ድረስ የምተነፍስልህ እኔ ነኝ" አሉኝ።

ሌላ ሰው ሊተነፍስልኝ። እኔ እኮ በቅሎዬን እንኳ ለሌላ ሰው አላስነዳም።

አፌን በባትሪ አዩ። ጥርሴን አንድ በአንድ ነካክተው የሚነቃነቅ እንዳለ ፈተሹ። "ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ። የሚቆረጠው አንገትህ ነውና ያን ቀን ማተብህ ከአንገትህ ይወልቃል። አፍህም ባዶ ይሁን" አሉኝ።

ማተቤ!

ከክርስትናዬ ቀን ጀምሮ ከአንገቴ ወርዶ የማያውቅ ጥቁር ክር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የወይራ መስቀል ያለችበት። ያለ እሷ ብሞት ከወዲያ በኩል ማን ብለው ይቀበሉኛል?

እንግዲህ ምክር ያስፈልጋል። ብቸና በሊቅ አትታማም። ቅኔ ቤቱ ሞልቷል። የንስሐ አባቴ ቤት ከቤቴ የድንጋይ ውርወራ ነው።

ታዲያ ማንን ጠየቅሁ? ጠላ ቤት ገብቼ የጭነት ባልደረባዬን አለሙን።

አለሙ ሁለት ዋንጫ ሙሉ አሰበበት። "ማተብህን አውልቀህ፣ እስላም አስተኝቶህ፣ ምን ሆነህ እንደምትነቃ ማን ያውቃል?" አለኝ።

አመንኩት። ሃይማኖት በቱቦ የሚገባ ይመስል። የለበስኩት እጀ ጠባብ ከአቶ ሰይድ አባት ሱቅ የተገዛ ነው፤ ለብሼው ስንት ቅዳሴ ቆሜበታለሁ። ጨርቁ ምንም አላደረገኝም። ቱቦው ግን አስፈራኝ።

ቀኑ ደረሰ። ጠጄ "ማተብህን ስጠኝ፣ እኔ እይዝልሃለሁ" አለችኝ። "ለአቶ ሰይድ እሰጣቸዋለሁ" አልኳት። ሽንት ቤት ገባሁ፣ ማተቤን ፈታሁ፣ ጠቀለልኩት፣ በጉንጬና በድዴ መካከል ወሸቅሁት።

በብልሃቴ ኮራሁ። ዳዊት ያልጨረሰ ሰው እንዲህ ካሰበ የጨረሰማ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ።

ጠረጴዛው ላይ አስተኙኝ። አቶ ሰይድ ጎንበስ ብለው "ማተብህን ለባለቤትህ ሰጠሃት?" አሉኝ።

እንደ አገራችን ልማድ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ "አዎ" ልል ስል መስቀሏ ወደ ጉሮሮዬ አንድ እርምጃ ተጠጋች። ስለዚህ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

"አፍህስ ባዶ ነው?"

ደግሜ ነቀነቅሁ። አቶ ሰይድን በአፌ አልዋሸኋቸውም፤ ራሴ ግን ያን ቀን እንደ ጉድ ዋሸ።

"ዛሬ ምነው ዝም አልክ? ያን ዕለት የበቅሎህን ዘር ስትቆጥርልኝ ውለህ አልነበር?" አሉኝ።

ፈገግ አልኩ። ከንፈሬን ሳልከፍት።

ጭንብል አደረጉልኝ። ኤተር ይሉታል፤ ሽታው ጣፋጭ ይሁን መራራ እስካሁን አልቆረጠልኝም። "እስከ አሥር ቁጠር" አሉኝ። በልቤ ቆጠርኩ። አራት ላይ ቀረሁ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በኋላ ነው የነገሩኝ። እኔማ የለሁም።

ሰውነቴ ሲዝል ጉንጬም ዛለ። ክሩ ተተርትሮ መስቀሏን አስከትሎ ወደ ጉሮሮዬ ተንሸራተተ። መጀመሪያ ፉጨት። ቀጥሎ ዝም። ደረቴ ይታገላል፣ አየር ግን የለም። ከንፈሬ ጠቆረ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል። በእንቅርት ላይ መስቀል የጨመርኩ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሐኪሙ እንቅርቷ መንገዱን ጨርሳ የዘጋችው መስሎት አንገቴን በስቶ አየር ሊያስገባ ቢላውን አነሳ። አቶ ሰይድ "አንዴ ይቆዩ" አሉት። አገጬን ወደ ላይ ገፉ። ጫፉ ላይ መብራት ያለው ብረት አስገብተው ምላሴን አነሱና አዩ። ጥቁር ነገር ተጠምዝዞ ተኝቷል። በረጅም መቆንጠጫ ያዙት፣ ቀስ ብለው ሳቡት። ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም።

"ወስፋት ነው?" አለ ሐኪሙ።

መጨረሻ ላይ መስቀሏ ብቅ አለች። መስቀል ያሰረ ወስፋት እንኳን በፈረንጅ አገር በጎጃምም የለም።

ወዲያው ቱቦው ገባ። አቶ ሰይድ እንቅርቷ ተቆርጣ እስክትወጣ ድረስ የጎማ ከረጢት እየጨመቁ ተነፈሱልኝ። እንዳሉትም አደረጉ።

ስነቃ አንገቴ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጣቴን ወደ ጉንጬ ሰደድኩ። ባዶ ነው። "አለቀልኝ" አልኩ በልቤ። ያኔ ነው የእጄን አንጓ ያየሁት።

ማተቤ። ታጥቦ፣ ከነመስቀሉ፣ ቀኝ እጄ ላይ ታስሯል።

አቶ ሰይድ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። "ማን አሰረው?" አልኩ፣ እንደ አሮጌ በር በሚንቋቋ ድምፅ።

"እኔ።"

አፌን ከፍቼ አሳየኋቸው። አሁን እንኳ በአፌ ምንም አልነበረም።

"ለነፍሴ ብለህ ነፍስህን ልትውጣት ነበር እኮ" አሉኝ። "ብትነግረኝ መጀመሪያውኑ እጅህ ላይ አስርልህ ነበር። ለሌላው ክርስቲያን ሁሉ የማደርገው እንደዚያ ነው።"

ለሌላው ሁሉ። ከኔ በፊት ስንቱ ማተቡን እጁ ላይ አስሮ ገብቶ ወጥቷል። ጠይቆ፣ በቃ።

ብቸና እንደተመለስኩ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ውሸቴንም፣ አቶ ሰይድን መጠርጠሬንም ተናዘዝኩ። እስክጨርስ ሰሙኝና "የኔ ቤት በር የለውም ወይ?" አሉኝ።

ከዚያ የበለጠ ቅጣት ሰጥተውኝ አያውቁም።

ቁስሌ ሲሽር ማተቡን ወደ አንገቴ ሊመልሱልኝ ቋጠሮውን ያዙ። አልፈታ አለ። "ይህ ምን ዓይነት ቋጠሮ ነው?" አሉ።

"የአቶ ሰይድ ነው አባ። ቁስል የሚሰፉበት።"

ጥቂት አዩትና እጄን ለቀቁ። "እንግዲያው እኔም አልፈታውም" አሉ።

እስከ ዛሬ ማተቤ እጄ ላይ ነው። ክሩ ሲያልቅ እቀይራለሁ፤ ቦታውን ግን አልቀየርኩም። ለምን አንገትህ ላይ አላሰርክም ለሚለኝ ሁሉ "ጠባሳዬን እያሳከከኝ" እላለሁ። ዛሬ ጠጄ ይህችንም አፈረሰችብኝ።

ጠጄ ደህና ወጥታለች፣ ለምትጠይቁኝ። ልጅቱን ጠይቃ ማተቧን እጇ ላይ አሳስራ ነው የገባችው። ነቅታ መጀመሪያ የተናገረችው ቃል "እሱስ ደህና ነው? የዋጠው ነገር የለም?" የሚል ነው።

ከዚህ ምን እንደምንማር እኔ እንጃ፤ ዳዊቴን አልጨረስኩም። ግን ኮመንት ላይ መጥታችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ያቺን የልጅቱን ጥያቄ ለእናንተም ላቅርብ።

አፋችሁ ውስጥ የያዛችሁት ነገር አለ?