ጉልበቴን ለሳይንስ

ከሐዋሳ ሰው ሁሉ ጉልበቱን ለሳይንስ በመስጠት የሚቀድመኝ የለም። ማለቴ፣ እሰጣለሁ ብሎ በመናገር።

የእህቴ ልጅ ሰላም ተመራማሪ ናት። ተመራማሪ የሚባል ፍጥረት አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሰላምታ ሲሰጣችሁ የሚያየው ፊታችሁን ሳይሆን አረማመዳችሁን ነው። እሷ የምታጠናው ከበሽታ የሚጠብቁን ሴሎች ለምን ዞረው የጉልበታችንን ለስላሳ አጥንት እንደሚበሉ ነው። "ጋሼ፣ ዘበኛው የሚጠብቀውን ቤት ሲያፈርስ በለው" ትለኛለች።

ለጥናቷ ከታመመ ጉልበት በመርፌ የሚቀዳ ፈሳሽ ያስፈልጋታል። ሰው ደግሞ መርፌ ሲባል ይሸሻል። ልጅቷ ጥናቴ ሊቆም ነው ብላ ስታለቅስ አላስቻለኝም፤ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርጄ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ዓሣ ሻጭ፣ ጋሽ ዱካሞን ያዝኳቸው።

"እኔ ለጉልበቴ የዓሣ ሾርባዬ ይበቃኛል" አሉ።

"ሾርባው የሚያወፍረው ዘበኛውን ነው።"

"ያንተም ጉልበት እንደ አሮጌ በር ይጮህ የለ? አንተስ ትወጋለህ?"

"እኔማ ሁለቱንም ነው የምዘረጋው።"

ክሊኒክ ስንደርስ፣ ለታላቅ ክብር ብዬ አስቀደምኳቸው። ሱሪያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ሐኪሙ መርፌውን ከማሸጊያው አወጣ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው።

ሰላም ፈሳሿን አገኘች። ጋሽ ዱካሞም "እሱ ወድቆ እኔ ከቆምኩ፣ እናንተ ምን ትሆናላችሁ?" እያሉ የገበያውን አንካሳ ሁሉ አመጡላት።

እኔ መርፌ እፈራለሁ። ከወለሉ አንስተው አልጋ ላይ ያስተኙኝም ጋሽ ዱካሞ ናቸው፣ በዚያው በታመመ ጉልበታቸው።