የአካሉ መርፌ እና የአቀስታው ሠርግ

ደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የተሰበረውንማ ማንም ይጠግናል፤ የዚህ ሰው ጸብ ካልተሰበረው ጋር ነው። በ1979 ዓ.ም. መካነ ሰላም ላይ ይህን ሹመት ይዞ የነበረው የእርዳታ ድርጅቱ ሾፌር፣ ክቡር ጓድ መሐንዲስ አካሉ ነበር። መሐንዲስነቱን ለራሱ የሰጠው እሱ ነው፤ «ክቡር»ን የጨመረችለት ከተማዋ ናት።

አንድን ዕቃ ግራ ቀኝ አገላብጦ «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ግን ይቀረዋል» ካለ፣ ባለቤቱ ዕቃውን አቅፎ ቢሮጥ ይሻለዋል። የወይዘሮ ቦጋለች ቡታጋዝ ትንሽ ቀርቶት አገኘውና ሴትዮዋ ሁለት ወር ያለ ቅንድብ ከረሙ። የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ሲያሻሽል ደግሞ፣ ሊቀ መንበሩ ለጸሐፊያቸው «ይኼ ስብሰባ መቼ ነው የሚያልቀው? ራበኝ እኮ» ብለው ያንሾካሾኩት እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባው አጠረ፤ አካሉንም በየቤቱ የመረቀው ሰው ብዙ ነው።

መሪጌታ ወልደሩፋኤል ግን ከመራቂዎቹ ወገን አልነበሩም። የድጓ መምህር ናቸው፤ አባቶች ያስቀመጡትን አንዲት ምልክት የሚነካ ሰው አይወዱም። ይሁንና ልጃቸው ዲያቆን ክንፈ እሑድ ማለዳ አቀስታ ላይ በተክሊል ሊያገባ ነው። ድግሱ ተደግሷል፤ ጾም ሊገባ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። የድርጅቱ ኃላፊም መኪናዋን ከነሾፌሯ ፈቀዱላቸው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መሪጌታ ከፊት፣ ሙሽራውና እናቱ ወይዘሮ አሰጋሽ ከኋላ ተሳፈሩ።

መሪጌታ ገና ከመቀመጣቸው ከመሪው አጠገብ በሽቦ የታሰረ፣ ቀጭን መርፌ ያለው ክብ ነገር አዩ። በእጅ ጽሕፈት በግራ «አየር በዛ»፣ በቀኝ «ነዳጅ በዛ»፣ መሐል ላይ «ልክ» ይላል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እንኳን ጠየቁኝ የኔታ! ይቺ መኪና ከተፈጠረች ጀምሮ ማርሚታዋ ላይ አነፍናፊ አላት። ጭሱን አሽትታ፣ የበዛው አየር ይሁን ነዳጅ፣ በሽቦ ለመኪናዋ አንጎል ትነግረዋለች። እኔ ዛሬ ጠዋት ከዚያች ሽቦ ላይ ቀጠልኩና፣ ከተጣለ የመገናኛ ሬዲዮ ባወጣኋት መርፌ ወሬውን ለራሴም አስመጣሁት።»

«መኪናዋ ታማ ነበር?»

«ኧረ ደህና ናት!»

መሪጌታ አማተቡ።

ሜዳውን በደህና ጨረሱ። ዳገቱ ሲጀመር ግን መኪናዋ አሳላት፤ ከኋላዋ የከሰል መልክ ያለው ጭስ ትጎትት ጀመር። ግማሽ ዳገት ላይ ስትደርስ ጭራሽ ቆመች። በዚያ መንገድ እስከ ሰኞ ሌላ መኪና አያልፍም።

«በእግራችን ብንነሳስ?» አለ ክንፈ ቀስ ብሎ።

«ከተክሊሉ ማግስት እንደርሳለን» አሉ እናቱ። «አካሉ፣ ልጄን ገደል ላይ ልትድረው ነው?»

አካሉ ኮፈኑን ከፍቶ ላቡ ይንጠባጠባል። «መርፌዋ አየር በዛ ትላለች፤ ጭሱ ነዳጅ በዛ ይላል። ማንን ልመን?»

መሪጌታ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄው ጥያቄ ሆነባቸው። ወርደው መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ይቺ የአነፍናፊዋ መልእክተኛ የምታመጣው ወሬ ብዙ ነው?»

«ኧረ እፍኝ የማትሞላ ኤሌክትሪክ ናት።»

«ነዳጅ ሲበዛ እፍኟን ይዛ፣ አየር ሲበዛ ባዶ እጇን ነው የምትደርሰው?»

«እንደሱ ነው።»

«ታዲያ አንተ መንገድ ላይ አስቁመህ እፍኟን ከተቀበልካት፣ ጌታዋ ዘንድ ምን ይዛ ትድረስ? ባዶ እጇን ሲያያት ነዳጅ አነሰ ብሎ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ይጨምራል!»

አካሉ የቀጠለውን ሽቦ እስከ መርፌዋ ድረስ በጣቱ ተከተለ። ከዚያ የመሪጌታን ጉልበት ሳመ። «መርፌዬ ጠጥታዋለች! አብሽሩ የኔታ፣ እንደርሳለን!» የቀጠለውን ሽቦ ቆረጠ፤ ጥላሸት የደፈናቸውን ካንዴላዎች በወይዘሮ አሰጋሽ መሐረብ ጠራረገ። መኪናዋ አንዴ አስነጥሳ ተነሣች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አቀስታ ገቡ፤ እሑድ ማለዳም ክንፈና ሙሽራዋ አልጣሽ አክሊል ደፉ።

ዳሱ በእልልታ ሲናወጥ አካሉ ጥግ ላይ ተቀምጦ መርፌዋን ያገላብጣል። ሥጋውን አልነካውም። መሪጌታ ይህ ሰው አንድ ቀን ሲያፍር ቢያዩ ደስ የሚላቸው ይመስላቸው ነበር፤ ደስ አላላቸውም።

«መላ የለውም?» አሉት።

«መላስ አለው የኔታ። እፍኟን ሁሉ እንዳትጠጣ ጉሮሮዋን የምታጠብብላት፣ የገብስ ፍሬ የምታክል ዕቃ ነች የጎደለችኝ። ሬዲዮ ውስጥ ነው የምትገኘው፤ እዚህ ከየት ትመጣለች?»

መሪጌታ ተነሥተው ወጡ። ሲመለሱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የማታ ዜና የሰሙበትን፣ በሄዱበት ሁሉ ከዳዊታቸው ጋር የማይለዩትን ትንሽ ሬዲዮ ይዘዋል።

«ፍታው።»

«የኔታ፣ ይኼ እኮ ደህና ነው!» አለ አካሉ ደንግጦ።

«ፍታው አልኩህ!»

ሰኞ ሲመለሱ፣ ከሬዲዮው የወጣችው ዕቃ ገብታላት፣ መርፌዋ ሥራዋን ያዘች፤ መኪናዋም አላሳላት። መንገዱን ያላየ መሪጌታ ብቻ ነበሩ። ዓይናቸውን ከመርፌዋ ሳይነቅሉ፣ «ነዳጅ በዛ! አሁን አየር! ልክ! እሰይ፣ ልክ!» ይላሉ።

«አያለሁ እኮ የኔታ።»

«አንተ ፊትህን እይ!»

«አይዞሽ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ ለሙሽራዋ፤ «ቀድሞ እንዲህ አልነበሩም።»

ዳገቱ አናት ላይ ለእረፍት ቆሙ። አካሉ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ ኮፈኑ ተከፍቷል፤ የመሪጌታ ነጭ ጥምጥም መስተዋቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጭንቅላታቸው ሞተሩ ውስጥ ነው። አካሉ መቋሚያቸውን ከመሬት አንሥቶ፣ እንደ ደቀ መዝሙር ከኋላቸው ቆመ።

«አካሉ» አሉ ቀና ሳይሉ፤ «ይቺኛዋ ሽቦ ደግሞ ወዴት ነው የምትሄደው?»