ጋሽ ፈርሙልኝ ችሎት ቆሙ

የትም መሥሪያ ቤት ግቡ፤ ከዋና ኃላፊው ይልቅ የሚፈራ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይጠፋም። የኛው ጋሽ ፈርሙልኝ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ባለቤታቸውም የሚያስታውሱት አይመስለኝም።

ክቡርነታቸው ያለ ፊርማ ብናኝ አያስወጡም። እስክሪብቶ ቢያውሷችሁ ያስፈርሟችኋል፤ በምን ልፈርም ካላችሁ ሌላ ያውሷችኋል፣ ለእሱም ትፈርማላችሁ። ማኅተም ላይማ አይቻሉም። የሦስተኛው ፎቅ ሽንት ቤት ያፈስሳል የሚለው ደብዳቤ ላይ ሳይቀር «ጥብቅ ምስጢር» መትተውበታል። ለምን ሲባሉ፣ «ጠላት በየት እንደሚገባ አይታወቅም» አሉ።

እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ደብዳቤ ነው። ለቧንቧ ሠራተኛው ላሳይ ልወስደው ሄድኩ። ልጄ አሟት ጥድፊያ ላይ ነበርኩና ጋሽዬ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ሂድ፣ ነገ ትፈርማለህ» አሉኝ። ነገ ሳይደርስ ፍተሻ መጣና አራት ሰዎች በምንጋራው መሳቢያ ውስጥ ጥዬው የሄድኩት ደብዳቤ ተገኘ። ቧንቧውን የማስጠግነው እኔ ስለሆንኩ ምስጢራዊ ሰነድ ይዞ መገኘት ተብዬ እኔ ተከሰስኩ።

ቅጣቱ አምስት ዓመት ነው። ገና ድክ ድክ የምትለው ልጄ ስፈታ «ሰውዬው ማነው?» እንደምትል ማሰብ ጀመርኩ። መሳቢያው የአራት ሰው ስለሆነ ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱ በእኔ እጅ እንደነበር ማስረዳት ነበረበት። ለዚህ የጠራው ምስክር ደግሞ ጋሽ ፈርሙልኝን ነው። አለቀልኝ አልኩ።

ጋሽዬ መዝገባቸውን ታቅፈው ቆሙ። ደብዳቤውን ማን እንደወሰደው ሲጠየቁ መነጽራቸውን አስተካክለው ገጹን ገለጡ። እንደ መዝገቡ ከሆነ ማንም አልፈረመም፤ ስለዚህ ደብዳቤው ካቢኔው ውስጥ ነው አሉ።

ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን እያውለበለበ፣ «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አላቸው።

ጋሽዬ ክው አሉ። «ክቡር ዳኛ፣ እኚህ ሰው ሳይፈርሙ ነው የያዙት» ብለው መዝገቡን ዘረጉለት። አሻፈረኝ ቢል ጋሽዬ ወይ ፍንክች። ዳኛው ቢጨንቃቸው ይፈረምና እንቀጥል አሉ፤ ዐቃቤ ሕጉም በንዴት ጫር ጫር አደረገ።

ከዚያ ዳኛው መዝገቡን ተቀብለው ደጋግመው አነበቡት። ያንን ጥብቅ ምስጢር በእጁ እንዳደረገ የጽሑፍ ማስረጃ የተገኘበት ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ዐቃቤ ሕጉ። እኔ በነጻ ተሰናበትኩ።

ኮሪደሩ ላይ ትከሻቸውን እየሳምኩ ውለታቸው እንባ እንባ አለኝ። ያደረች ፊርማዬ ትዝ ብላኝ እስክሪብቶ አወጣሁ። ጋሽ ፈርሙልኝ መዝገቡን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ልጅቷ ተሻላት?» አሉኝ።