ሬንጅ ያልቀባሁት ሻወር እና ያለቀሰው ፎቶ

ዛሬ ጠዋት አንዷ ተከታታዬ ኮሜንት ላይ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ሻወር ቤት ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ውኃ መከላከያ የግድ ነው?»

የግድ ነው እህቴ። እኔ በእሱ ምክንያት እስር ቤት ልገባ ነበር!

አትሳቁ። ስሙኝ።

ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ዳንግላ። እኔ ባሕር ዳር ሴራሚክ ሥራ ላይ ስድስት ወር ቆይቼ የተመለስኩ፣ የግንበኛ ውኃ ልክ በብብቴ ይዤ ገበያ የምዞር ጎረምሳ ነኝ። ገበያ መሀል ውኃ ልክ ምን ያደርጋል? ምንም። እንዲታይልኝ ነው።

ቀበሌያችን ከአዳራሹ ጀርባ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ነበረችው። ከላይ የሚመጣ ትልቅ ጓድ ያርፍባታል ተባለና ሻወር ይሠራላት ተብሎ ተወሰነ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

ግድግዳው ጭቃ ነው። በወዲህ በኩል ሻወሩ፣ በወዲያ በኩል አዳራሹ።

አዳራሹ በኩል ደግሞ የሦስቱ ጺማሞች ፎቶ ተለጥፏል። በዚያ ዘመን የነበራችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ያልነበራችሁ አባቶቻችሁን ጠይቁ።

ጋሽ ይስማው የሚባሉ አንጋፋ ግንበኛ መጥተው ሥራዬን ቆመው አዩ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ሬንጅ አፍላና ጆንያ እየነከርክ ግድግዳውን አልብሰው። ሬንጁ ሳይደርቅ አሸዋ በትንበት፤ ልስኑ እንዲይዝልህ። ሴራሚኩ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ጋሽ ይስማው፣ እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት። ሴራሚክ እኮ ውኃ አያስገባም!»

«ሴራሚኩስ አያስገባም። መጋጠሚያውስ?»

«እሱማ ሲሚንቶ ነው!»

በአገውኛ አንድ ነገር አጉተምትመው ሄዱ። አልገባኝም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ገብቶኛል። እዚህ ግን አይጻፍም።

ጨረስኩ። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ! የቀበሌው ሊቀመንበር እንግዳው እስኪመጣ ድረስ «ለፍተሻ» እያለ በየቀኑ ይታጠብበት ጀመር። በጣም ጥልቅ ፍተሻ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። እሑድ ስብሰባ ተጠራ፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሊቀመንበሩ ጀርባውን ለፎቶዎቹ ሰጥቶ ስለ ኋላ ቀር እምነት ጎጂነት ያስረዳል።

እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ኖራው ጠቁሯል። የመሀለኛው ፎቶ ወረቀት አብጧል። ከዓይኑ ሥር አንዲት ጠብታ ብቅ አለችና ቀስ ብላ ወርዳ ጺሙ ውስጥ ገባች።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ። «በስመ አብ! ሥዕሉ አለቀሰ!»

ግማሹ ሰው አማተበ። በዚያ ስብሰባ ላይ!

ሊቀመንበሩ ዞረ። ግድግዳውን በጣቱ ነካው። ጣቱ ገባ።

«ይህን የሠራው ማነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንድ ሰው እንኳን አልተሳሳተም።

«ይህ አሻጥር ነው!» አለ።

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚወሰድ አልነግራችሁም። በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የተቀመጠው ጥበቃ ተነሳ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል በነጠላዋ አፏን ስትሸፍን አየኋት።

ይህን ጊዜ ጋሽ ይስማው እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አሻጥር እውቀት ይፈልጋል። ይኼ ልጅ አያውቅም።»

በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ሬንጅ ቀባ ብዬው ነበር። እምቢ ያለኝ በድንቁርና ነው እንጂ በተንኮል አይደለም። እሱኑ ጠይቁት።»

«ግለ ሂስ አድርግ!» አለኝ ሊቀመንበሩ።

ተነስቼ ቆምኩ። አዋቂ ነኝ ካልኩ እታሰራለሁ። ደንቆሮ ነኝ ካልኩ ቤቴ እገባለሁ።

«ጓዶች፣ አላውቅም» አልኩ። «ባሕር ዳርም ስድስት ወር ሙሉ ሴራሚክ ተሸከምኩ እንጂ አልለጠፍኩም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩም ሊስቅ ሲል ጺማሞቹ ትዝ አሉትና ተወው። ጥበቃው ተመልሶ ተቀመጠ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። የልጇ ደንቆሮነት በሕዝብ ፊት ሲረጋገጥ እልል ያለች እናት የእኔዋ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

በማግስቱ ሴራሚኩን ነቀልን። ግድግዳው ሲደርቅ ጋሽ ይስማው ሬንጁን አፈሉ፤ እኔ ጆንያ ነከርኩ። «ማዕዘኑ ላይ ለምን ሁለት እጥፍ?» ስላቸው «መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው» አሉኝ። የጠየቅኳቸውን ሁሉ መለሱልኝ። አንድ ቀን እንኳን «ብዬህ አልነበር?» አላሉኝም።

የባሰው እሱ ነው!

ወለሉን ውኃ ሞልተን አንድ ቀን ሙሉ ተውነው። ጠብ አላለም።

ትልቁ ጓድም መጣ። የዚያን ዕለት ከተማው ውስጥ ውኃ አልነበረም። በጣሳ ፊቱን ተለቃልቆ ሄደ።

እናም ወገኖቼ፣ መጀመሪያ ቀቡ። አሁንማ ውኃ መከላከያው በባልዲ ታሽጎ ይሸጣል። አንቀባም ካላችሁ ግን አለማወቃችሁን በሕዝብ ፊት የሚመሰክርላችሁ ሽማግሌ ፈልጉ።

ድንቁርናው ነፍሱን ያተረፈለት ሌላ ሰው አለ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?