ለኡምኩልሱም የሚሆን ወንበር

(አሶሳ፣ የዱሬሳ ግቢ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ዱሬሳ ከባጃጅ ሞተርና ከአሮጌ ብረት በገዛ እጁ የሠራት አራት ጎማ ያላት ትንሽ መኪና ማንጎው ሥር ቆማለች። ከፊት ትልቅ የሹፌር ወንበር አላት። ከኋላ ገና ባዶ ናት። ጎረቤቱ ጁምዓ፣ የቀርከሃ ወንበር ሠሪው፣ አንድ የብረት ወንበር ተሸክሞ ከለውዝ ነጋዴው ሚዛን ተመልሷል።)

ዱሬሳ፦ ሰባ ሦስት ኪሎ? ይሄ ወንበር?

ጁምዓ፦ ሚዛኑ ነው ያለው።

ዱሬሳ፦ እንዴት አድርገህ ነው የመዘንከው?

ጁምዓ፦ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ተቀመጥኩበት።

ዱሬሳ፦ ለምን ትቀመጥበታለህ?

ጁምዓ፦ ወንበር ነዋ።

ዱሬሳ፦ ለወንበሩ ኪሎ ነው የላክሁህ። ያንተን ማን ጠየቀ?

ጁምዓ፦ ሰው ካልተቀመጠበት ምን ይሠራል? መኪናው ባዶ ወንበር ነው እንዴ የሚያመላልሰው?

ዱሬሳ፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) ማሎ ጁምዓ፣ ለምኜሃለሁ፣ ስማኝ። ክብደት ማለት ሳይንስ ነው። እኔ ባምባሲ ስድስት ዓመት ጋራዥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ትላንት መኪናዋ ዳገቱ ግማሽ ላይ ቆማ ወደ ኋላ ተንሸራተተች አይደል?

ጁምዓ፦ አዎ። ፍየሎቹ ሸሹ።

ዱሬሳ፦ ፍየሎቹን ተዋቸው። ነገ ሰኞ ነው። እህትህ ኡምኩልሱም ጠዋት ከዳገቱ ማዶ ስፌት ቤቱ ካልደረሰች ቦታዋን ለሌላ ሴት ይሰጡባታል። ብለዋል ወይስ አላሉም?

ጁምዓ፦ ብለዋል። ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀረች። ግራ ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ አይታጠፍም። ባጃጆቹ ደግሞ እስክትገባ አይጠብቁም።

ዱሬሳ፦ እኮ። ስለዚህ ቀላል ወንበር ያስፈልጋታል። ይሄን ብረት ከላይ እስከ ታች እበሳዋለሁ። ቀዳዳ በቀዳዳ አደርገዋለሁ። ቀዳዳ ኪሎ የለውም።

ጁምዓ፦ ስንት ቀዳዳ?

ዱሬሳ፦ ሁለት መቶ።

ጁምዓ፦ ያ ሁሉ ድካም ለምን? እኔ ከመጀመሪያው ቀዳዳ የሆነ ወንበር ሠርቻለሁ። (ወደ አጥሩ ሄዶ ከቀርከሃና ከገመድ የተሠራ ወንበር በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይመጣል።) ይኸው። በገመዱ መሃል ሁሉም ቀዳዳ ነው።

ዱሬሳ፦ ይሄ አጥር ነው።

ጁምዓ፦ አጥር የዘንድሮ ቀርከሃ ነው። ይሄ ሦስት ዓመት የቆመ ነው። ሲደርቅ ይቀላል፣ ግን አይሰበርም።

ዱሬሳ፦ መኪና ላይ ቀርከሃ አይገጠምም። መኪና ሰምታ ታውቃለች ቀርከሃ?

ጁምዓ፦ መኪናው ካንተ ነው የተወለደው። ያልነገርከውን ከየት ይሰማል?

ዱሬሳ፦ ከፍታውስ? ይሄ እኮ ለኔ ጉልበት አይመችም። እየው፣ ስቀመጥ እግሬ ይንጠለጠላል።

ጁምዓ፦ ያንተን አልለካሁም።

ዱሬሳ፦ እና የማንን ለካህ?

ጁምዓ፦ የአልጋዋን። እህቴ ቤት የገመድ አልጋ አለ። ከሌላ ወንበር ሁሉ ሰው ደግፏት ነው የምትነሳው። ከዚያ አልጋ ብቻዋን ትነሳለች። ታዲያ በገመድ ለክቼ ያንኑ ያህል ቆረጥኩ።

ዱሬሳ፦ አልጋ ለመኝታ፣ ወንበር ለመቀመጫ። ይሄን እንኳ አታውቅም?

ጁምዓ፦ እሷ አታውቅም መሰለኝ። ትቀመጥበታለች።

ዱሬሳ፦ እሺ መግቢያውስ? በበሩ ስትገባ ጉልበቷን ትንሽ አጠፍ ማድረግ አለባት። ትንሽ ብቻ።

ጁምዓ፦ ዱሬሳ፣ አይታጠፍም አልኩህ።

ዱሬሳ፦ ትንሽ ነው ያልኩት።

ጁምዓ፦ ትንሽም አይታጠፍም። ለዚህ እኮ ነው መኪና የሠራኸው። ወላሂ በሩን ከምትፈታና ጉልበቷን ከምትፈታ የቱ ይሻላል?

(ዱሬሳ እያጉረመረመ በሩን ይፈታል። ጁምዓ መኪናዋን ይዞራታል።)

ጁምዓ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ? እንዳትቆጣ።

ዱሬሳ፦ ጠይቅ። ካልጠየቅህ መቼ ትማራለህ።

ጁምዓ፦ ትላንት ዳገቱ ላይ ሲቆም እህቴ ውስጥ ነበረች?

ዱሬሳ፦ አልነበረችም። ሙከራ እኮ ነው።

ጁምዓ፦ ወንበሯስ?

ዱሬሳ፦ ወንበር ገና መች ተገጠመ።

ጁምዓ፦ ታዲያ ማን ከበደ?

(ዱሬሳ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል።)

ዱሬሳ፦ ሞተሩ አልሞቀም ነበር።

ጁምዓ፦ ስንት ኪሎ ነህ?

ዱሬሳ፦ እሱ የግል ነው።

ጁምዓ፦ የሹፌሩ ወንበርስ?

ዱሬሳ፦ የሹፌር ወንበር አይነካም። ከጭነት መኪና የተፈታ ነው። ስፕሪንግ አለው።

ጁምዓ፦ እህቴን በሁለት መቶ ቀዳዳ ላይ አስቀምጠህ አንተ ስፕሪንግ ላይ?

ዱሬሳ፦ ሹፌር ካልተመቸው እንዴት ይነዳል? መኪና ያለ ሹፌር ትሄዳለች እንዴ? ይሄ ነው የማይገባህ።

ጁምዓ፦ አይገባኝም። (መፍቻ አንስቶ የሹፌሩን ወንበር መፍታት ይጀምራል።)

ዱሬሳ፦ ምን እያደረግህ ነው?

ጁምዓ፦ የማይገባኝን እያወጣሁ ነው።

(ትልቁን ወንበር ጎትቶ መሬት ላይ ይጥላል። በቦታው የቀርከሃውን ወንበር አስቀምጦ ያስረዋል። ኡምኩልሱም በትሯን ይዛ ከጎረቤት ትመጣለች። በተፈታው በር በኩል ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፣ ግራ እግሯን በእጇ አንስታ ቀጥ እንዳለ ወደ ውስጥ ታስገባለች። ማንም አልነካትም።)

ዱሬሳ፦ ከፊት ተቀመጠች እኮ። በላት ወደ ኋላ ትሂድ።

ጁምዓ፦ ኋላ ሆና እጇ መሪው ጋ እንዴት ይደርሳል?

ዱሬሳ፦ መሪውን ምን ልታደርገው?

ጁምዓ፦ የባጃጅ መሪ ነው። ጋዙ በእጅ፣ ማርሹ በእጅ። ፍሬኑ ብቻ ነው በእግር፣ እሱም በቀኝ። ቀኟ ደህና ነው።

ዱሬሳ፦ ማን አስተማራት?

ጁምዓ፦ ሁለት ሳምንት አጥሩ ሥር ተቀምጣ አንተን አየች። አንተ ከምሳ በኋላ ስትተኛ እኔ በሩን ፈትቼ፣ ደግፌ አስገብቻት እስከ ሜዳው እገፋላታለሁ፣ እሷ ትነዳለች።

ዱሬሳ፦ መኪናዬን?

ጁምዓ፦ ቀስ ብለን ነው። እንዳትነቃ።

(ኡምኩልሱም ሞተሩን ታስነሳለች። መኪናዋ ከግቢው ወጥታ ዳገቱን ትይዛለች። ዱሬሳ እየሮጠ እስከ በሩ ይከተላል፣ እዚያ ትንፋሹ ያልቃል።)

ዱሬሳ፦ ማርሽ ትቀይር በላት።

ጁምዓ፦ ቀየረች።

ዱሬሳ፦ ግማሹ ጋ ትቆማለች። ተመልከት፣ አሁን ትቆማለች።

ጁምዓ፦ ግማሹን አለፈች።

ዱሬሳ፦ (አንገቱን አስግጎ) ጫፍ ደረሰች?

ጁምዓ፦ ደረሰች። ከላይ ሆና እጇን እያወዛወዘች ነው። ኸላስ፣ አበቃ፣ ነገ ሥራዋ ላይ ናት።

(ዱሬሳ ተመልሶ መሬት ላይ በተጣለው የሹፌር ወንበር ይቀመጣል። ስፕሪንጉ ይጮኻል።)

ዱሬሳ፦ ጁምዓ።

ጁምዓ፦ አቤት።

ዱሬሳ፦ ነገ እኔም ገበያ ጉዳይ አለኝ። ከኋላ ባዶ ቦታ አለ አይደል? እስቲ ንገርልኝ።

ጁምዓ፦ ነግሬልህ ነበር።

ዱሬሳ፦ ምን አለች?

ጁምዓ፦ ይቅርታ አድርግልኝ ብላለች። ከባድ ዕቃ አልጭንም አለች።