እሺ ካልተባልን አንቀመጥም

በሰው ጉልበት እንደመኩራት ያለ ቀላል ሥራ በምድር ላይ የለም። ሯጩ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ዳገት ይወጣል፣ እግሩ ይላጣል፣ ሳንባው ሊፈነዳ ይደርሳል፤ ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ሲጠለቅ ግን ደረቱን የሚነፋው እንደ እኔ ያለ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል እንኳ ሮጦ የማያውቅ ሰው ነው። እኛ ቢቸናዎች ደግሞ በኩራት አንታማም። በጤፋችን እንኮራለን፣ በቅኔያችን እንኮራለን፣ የምንኮራበት ነገር ቢጠፋ በኩራታችን እንኮራለን። እንግዲህ እንዲህ ላለ ሕዝብ የዓለም ሻምፒዮን ሲሰጠው ምን እንደሚሆን ገምቱት።

ስሙን አልጠራም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፤ ደግሞም ያን ጊዜ ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ልጃችን» ነበር የሚለው። ልጃችን አሸነፈ፣ ልጃችን ፈረንጆቹን ጥሏቸው ሄደ፣ ልጃችን ባንዲራ ለበሰ። የተወለደው ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው፤ ሩጫ የጀመረው ግን ሞጣ ተማሪ ሳለ ስለሆነ የሞጣ ሰዎችም «ልጃችን» ይላሉ። ይበሉ፤ አፍ የራስ ነው። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ፀጉር ቤት አለኝ። ፎቶውን ከመስታወቴ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ጎረምሳው ሁሉ ወንበሬ ላይ ይቀመጥና ጣቱን ወደ ፎቶው ቀስሮ «እንደ ልጃችን አድርገህ አስተካክለኝ» ይለኛል። ጭንቅላቱ ዱባ ቢያክልም እንደ ልጃችን አድርጌ አስተካክለዋለሁ፤ ተስፋ አይቆረጥም።

ሜዳሊያውን ይዞ የመጣ ጊዜ ካባ ደረብንለት፣ ፈረስ ላይ አወጣነው፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ጨፈርን። ነገሩ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ትርንጎ የምትባል፣ ሃያን የተሻገረች፣ እሷም ሯጭ የሆነች የከተማችን ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ በልጃችን ላይ አመለከተች። ጫማ አምጥቼልሻለሁ፣ መጥተሽ ለኪው ብሎ ወዳረፈበት ሆቴል ጠራኝ፤ ሄድኩ፤ በሩን ቆለፈ፤ እምቢ እያልኩት አስገድዶ ደፈረኝ አለች።

ከዚያማ ፀጉር ቤቴ ችሎት ሆነ። ዳኛ ሞልቷል፣ ጠበቃ ሞልቷል፣ ሆቴሉን በሩቁ እንኳ ያላየ ምስክር ሞልቷል። አንዱ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተለወሰ «ስም ፈልጋ ነው» ይላል። እስቲ አሁን ነጠላዋን ተከናንባ ጣቢያ በር ላይ ስታለቅስ የዋለች ልጅ የምታገኘው ስም ምን ዓይነት ስም ነው? ሌላው «አይ፣ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ብሎ ያዝናል። የት የወደቀ ዛፍ? ዛፉ አዲስ አበባ ጠበቃ ይዞ ተቀምጧል! ሦስተኛው ደግሞ «ለመሆኑ ሆቴል ድረስ ምን ልትሠራ ሄደች?» ይላል። ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ደንበኛ አልነበረም፤ ተራ ይዘው የሚጠይቁኝ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ ምላጩን ከጉሮሮው ላይ ሳላነሳ፣ «ወንድሜ፣ እኔን አንድ ሰው ከውጭ አገር ምርጥ የፀጉር ቶንዶስ አምጥቼልሃለሁ፣ መጥተህ ሞክረው ቢለኝ ሲኦል በር ድረስ እሄዳለሁ» አልኩት። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰው ብዙ አይከራከርም።

ይህን አልክ ብላችሁ ጀግና እንዳታደርጉኝ። ፎቶው እዚያው እንደተሰቀለ ነበር። ኩራት ሲነቀል ያማል፤ ባይነቀል ብዬ እጸልይ ነበር።

አንድ ማለዳ ጋሽ አያሌው ከተፍ አሉ። ጋሽ አያሌው እህል ነጋዴ ናቸው፤ የልጃችን አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ነበሩ። ንግግር ይጣፍጥላቸዋል፤ የሠርግም የለቅሶም ማይክሮፎን እሳቸውን አልፎ አይሄድም። ገና ሳይቀመጡ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» አሉ። ልጅቱ ክሷን ታንሳ፣ ነገሩ እዚሁ በሽምግልና ይለቅ፣ የአገር ስም ይዳን ማለታቸው ነው። ቀጥለውም «አንተም ትሄዳለህ» አሉኝ። ለምን እኔ? ስል «ሽበት አለህ» አሉ። እውነት ነው። የሰውን ሽበት በቀለም ስደብቅ ስውል የራሴ በአርባዎቹ ዕድሜ ጥጥ ሆኖ አርፏል።

የሳቸው ችግር ሌላ ነበር። በአቀባበሉ ቀን ቴሌቪዥን ሊቀርጸኝ ይችላል ብለው በእኔው እጅ ጥቁር ተቀብተው ነበር። ጥቁር ፀጉር ያለውን ሽማግሌ ማን ይፈራል? «ሽበቴን መልስልኝ» ብለው ለመኑኝ። በሙያዬ ብዙ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ ሽበት መልስ ግን ተብዬ አላውቅም። ከሥር የበቀለው ነጭ ብቻ እስኪቀር ድረስ ላጨሁላቸው። ግማሽ ሽማግሌ፣ ግማሽ ምልምል ወታደር ሆነው ወጡ።

ሦስተኛው ሽማግሌ ከሞጣ የመጡት ሐጂ ኑሩ ነበሩ። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃችን ተማሪ ሳለ የመጀመሪያ ቁምጣውን ያለበሱት እሳቸው ናቸው ይባላል። ዝምተኛ ናቸው። ለፀጉር አስተካካይ ከዝምተኛ ሰው ጋር መንገድ መሄድ ምን ያህል ቅጣት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የሽምግልናን ወግ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ደጅ ይቆማል። ባለቤቱ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ እህል ቅመሱ ይላል። ሽማግሌው ደግሞ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብሎ ድርቅ ይላል። ይህ ከክላሽ የበረታ መሣሪያ ነው። ሽማግሌ ደጁ አቁሞ የሚያድር ማነው? ጎረቤት ምን ይላል? እርግማኑስ? ስለዚህ ባለቤቱ እየተቅለሰለሰ እሺ ይላል። ስንት ደም የተቃባ ሰው በዚህ ታርቋል! በዚህ ባህላችንም እኮራለሁ።

የትርንጎ እናት ወይዘሮ የሺወርቅ ግቢያቸው ውስጥ በርበሬ እየወቀጡ ነበር። ሲያዩን ብድግ ብለው እጅ ነሱ፤ አግዳሚ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ አሉን። ጋሽ አያሌው አልተቀመጡም። ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አገር፣ ስለ ባንዲራ፣ ስለ ልጃችን እግር፣ ስለ ይቅርታ በረከት እንዲህ አድርገው ተናገሩ፤ እኔ ራሴ የሚከሰስ ሰው ቢኖረኝ ይቅር እለው ነበር። በመጨረሻም ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም!» አሉ።

ወይዘሮ የሺወርቅ በትሕትና ሰሙ። ከዚያም «እንግዲያው አባቶቼ፣ እግራችሁን እንዳያማችሁ ግድግዳው ጥግ ቁሙ» ብለው ወደ ሙቀጫቸው ተመለሱ።

ይኼ መልስ በወጉ ውስጥ የለም። ማንም ሽማግሌ ለዚህ አልተዘጋጀም፤ አባቶቻችንም ይህ ቢመጣ እንዲህ በሉ ብለው አላወረሱንም። ምን እናድርግ? ቆምን። ፀሐይዋ ወጣች። አዲስ የተላጨው የጋሽ አያሌው ራስ መቅላት ጀመረ። ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ዘነዘናው በወረደ ቁጥር የበርበሬው ብናኝ ይነሳል፤ እኛም ማስነጠስ ጀመርን። የሚያስነጥስ ሽማግሌ ደግሞ ግርማ ሞገስ የለውም፤ «የአገር ስም...» ብሎ ይጀምርና እንጥሽ ይላል። ጋሽ አያሌው ቢቸግራቸው ተረት አወጡ፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!» አሉ። ወይዘሮ የሺወርቅ ዘነዘናውን ሳያስቀምጡ «እህ፣ ታዲያ ወንዱ ይምጣና ይጨርሰዋ! የታለ?» አሉ። ወንዱ የለም። ልኮን እንኳ አልነበረም፤ እኛው ነን ራሳችንን የላክን። ጋሽ አያሌው የመጨረሻውን ጥይት ተኮሱ፤ «ካስፈለገም ያገባታል!» አሉ። ዘነዘናው ብቻ በረታ።

በዚህ መሐል ትርንጎ ገባች። ሰው ሁሉ ጨለማ ቤት ተኝታ ታለቅሳለች ይል ነበር፤ እሷ ግን ልምምድ ሠርታ መመለሷ ነበር፤ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ለእያንዳንዳችን ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችን። ለምን እንደቆምን ከእናቷ ሰማች። ጋሽ አያሌው አሁን ማይክሮፎን በሌለው ድምፃቸው «ልጄ፣ በሞቴ፣ አንዲት ቃል ናት፤ እሺ በይን» አሏት። ላቧን በእጅጌዋ ጠረገችና «አባቶቼ፣ እኔ ያን ቀን እምቢ ብያለሁ። ደጋግሜ ብያለሁ። እምቢታዬን ያልሰማ ሰው እሺታዬ ምን ይሠራለታል?» አለች።

መጨረሻው ላይ የእናቷን ትከሻ ጨምድዳ ያዘች። ስታወራ ጀግና መስላኝ ነበር፤ እጇን ሳይ ግን ልጅ ናት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሞ መታየት እንዲያ ያሳፍረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዳኛ አይደለሁም፤ ሆቴሉ ውስጥ የሆነውን ፍርድ ቤት ይወቀው። ግን የልጅቱን አፍ ለመዝጋት ሦስት ጎልማሳ ከዘራ ይዞ መሄድ ምን የሚሉት ሽምግልና ነው?

ያኔ ሐጂ ኑሩ ሄደው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ አያሌው «ሐጂ!» ብለው ጮኹ፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል ከተቀመጠ ልመናውን ተወ ማለት ነውና። ሐጂ ኑሩም «ሴቶች ልጆች አሉኝ» አሉ፤ ከጧት ጀምሮ የተናገሩት ይህንኑ ብቻ ነው። እኔ ግን ነደደኝ። ሞጣ ቀደመችን! ቢቸና ቆማ ሞጣ ልትቀመጥ ነው? ዘልዬ ሄጄ ጎናቸው ቁጭ አልኩ። ጋሽ አያሌው ብቻቸውን ቀሩ። በሩን አዩ፣ አጥሩ ላይ የተሰገገውን አንገት አዩ፣ ልጅቱን ግን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያም አስነጠሱና ተቀመጡ። እኒያ ንግግር የሚጣፍጥላቸው ሰው «ልጄ፣ ይቅር በይን» ብቻ አሉ።

ቀኑ የጾም ቀን ስለነበር ለሐጂ ኑሩም ለእኛም የሚሆን ሽሮ ቀረበ። በላን። ልንነሳ ስንል ወይዘሮ የሺወርቅ ከፊታችን መጥተው ቆሙ። ይቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ። «የፍርድ ቤት ቀጠሮው ቀን በእሱ በኩል ከተማው ሁሉ ይመጣል፤ ልጄ ብቻዋን ናት። ያላያችሁትን መስክሩ አልልም። ግን አብራችኋት ግቡና አጠገቧ ተቀመጡ። እሺ ካልተባልኩ አልቀመጥም» አሉ።

እኛ ፀሐይ እስኪያከስለን ቆመን ያላገኘነውን እሺታ እሳቸው ዓረፍተ ነገራቸውን ሳይጨርሱ አገኙት። መጀመሪያ እሺ ያሉት ጋሽ አያሌው ናቸው።

ስንመለስ ፀጉር ቤቴ ደጃፍ ሰው እንደ ገበያ ቀን ተሰብስቦ ጠበቀን። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ደንበኛው፣ የኮሚቴው አባል፣ ሁሉም ባንድ አፍ «እሺ ተባለ?» አለን። ጋሽ አያሌው «ተባለ» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ፣ ባጃጆቹ ጥሩምባቸውን ነፉ፣ አንዱማ ቀረርቶ ጀመረ። እስኪበርድላቸው ጠበቅን። ኋላ ላይ አንዱ ቀረብ ብሎ «ኧረ ለመሆኑ ልጅቱ ምን ብላ እሺ አለች?» ብሎ ጠየቀ። «እሷማ እምቢ አለች» አልኩት።

ቀረርቶው ቀጥ አለ። «ታዲያ እሺ ያለው ማነው?»

ጋሽ አያሌው ፀሐይ የጠበሰውን ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ «እኛ!» አሉ።