ሁሉም «ለቅርብ ነው» የሚልበት ሱቅ

ለመሆኑ፣ አንባቢ ሆይ፣ የሚፈልገውን ደብቆ የማይፈልገውን የሚጠይቅ ገበያተኛ ገጥሞዎት ያውቃል? በደርግ ጊዜ ናዝሬት ሳስተምር፣ አሮጌ የሬዲዮ አምፖል ከሚሸጡት ጋሽ በቀለ ሱቅ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም ነበር።

ነገሩን ላስረዳ። ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ ጣቢያ የሚስበው አሮጌ አምፖል ስለበራ ብቻ ደህና ነው አይባልም። የደከመው የቅርቡን ጣቢያ ብቻ ያሰማል፤ ሩቁን የሚስበው ብርቱው ነው። ጋሽ በቀለ አምፖሉን በመለኪያ ከፈተኑ በኋላ «ለቅርብ ነው ለሩቅ?» ይላሉ። ሩቅ ማዳመጥ ያሳስራልና ሁሉም «ለቅርብ» ይላል። እሳቸውም ዝም ብለው ብርቱውን ይጠቀልላሉ። ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

አንድ ቀን ከደራ የመጡ እናት «ለቅርብ ነው» አሉ። ጋሽ በቀለ ብርቱውን ሲያነሱ ጣልቃ ገባሁ።

«እማማ፣ ለቅርብማ ይሄ ደካማው ይበቃዎታል። ርካሽም ነው።»

የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገባችን ቆሞ ባትሪ ይመርጥ ነበር። ጋሽ በቀለ አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲህ ጓድ መምህር ካሉ» ብለው ደካማውን ሰጧቸው።

ሱቁ ጭር ሲል ወደ እኔ ዞሩ። «ልጃቸው ሰሜን ዘምቶ ጠፍቷል። የወዲያኞቹ ጣቢያ የተማረኩትን ስም ያነባል። አንተ ደግሞ ታስረዳለህ።»

በማግስቱ ብርቱውን ይዤ፣ ቤታቸውን አጠያይቄ ደራ ሄድኩ። እማማ አምፖሉን አዩት፤ ቀጥሎ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«እኔ ሩቅ ምን አለኝ፣ መምህር?» አሉ። «ቅርቡ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።